ውክልና የሰጠሁት ወንድሜና የተከራከረልኝ የሕግ ቢሮ

ላለፉት 14 ወራት የአንድ የሕግ ቢሮ ደንበኛ ነበርሁ። ቢሮው ልደታ አካባቢ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም የማይርቅ ሕንፃ ላይ ይገኛል። ስሙን የማልጠቅሰው የከሰስሁት ታናሽ ወንድሜን በመሆኑና በቢሮው ስም በኩል ማንነቱ እንዲታወቅ ስለማልፈልግ ነው። አገልግሎቱን ግን በዝርዝር መጻፍ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ውጭ አገር ሠርቶ ያጠራቀመውን በዘመድ እጅ ያኖረ ሰው ነገሩ ሲበላሽበት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ተይው፣ የእናትሽ ልጅ ነው» ወይም «አሳስሪው» ከሚሉት ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሕጉ ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብዙ መንገድ አለው።

ዱባይ ስሠራ በቆንስላችን በኩል ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼ ነበር። የኮንዶሚኒየም ቤቴን እንዲያከራይ፣ የባንክ አክሲዮኔን የትርፍ ድርሻ እንዲቀበልና በሚገኘው ገንዘብ ተጨማሪ አክሲዮን እንዲገዛልኝ ተስማምተን ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ለዕረፍት መጥቼ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ስጠይቅ፣ አንዳችም አዲስ አክሲዮን አለመገዛቱን፣ ከነበረኝም ሲሶው ለሚስቱ ወንድም መዛወሩን ነገሩኝ። የኪራዩም ገንዘብ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

ጠበቃው ታሪኬን ከመስማቱ በፊት የውክልናውን ቅጂ ጠየቀኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶም ቃል በቃል አነበበልኝ። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው ሐረግ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አሳረፈበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ገንዘብ ለሥራ ለማዋል ግን ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት እንዳለበት አስረዳኝ። እኔ ያንን ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ። ቆንስላው መስኮት ፊት ቆሜ ስፈርም ጽሑፉ የተለመደ ቅጽ ነው ብዬ አንድም መስመር አላነበብሁም ነበር።

ለዚህ ቢሮ ከፍተኛ ምስጋና የምሰጠው የሥራውን ቅደም ተከተል አጥብቆ በመያዙ ነው። እኔ መጀመሪያ ሽማግሌ ልልክበት ፈልጌ ነበር፤ ጠበቃው ግን «እርስዎ ሽማግሌ ሲለምኑ እሱ የቀረውን መሸጥ ይችላል፤ መጀመሪያ ውክልናውን ይሻሩ» አለኝ። ወካይ ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ መሻር ይችላል፤ አዲስ አበባ ስለነበርሁም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ዘንድ ቀርቤ የመሻሪያውን ሰነድ ፈረምሁ። ዱባይ ብሆን ኖሮ በቆንስላው ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ ነበረበት። እኔ በዚህ የተጠናቀቀ መስሎኝ ነበር፤ ቢሮው ግን በዚያው ሳምንት ለባንኩ አክሲዮን ክፍል፣ ለተከራዮቼና ለወንድሜ በጽሑፍ አሳወቀልኝ፤ ውክልናው መሻሩን ያልሰማ ሰው በቅን ልቦና ከተወካዩ ጋር ቢዋዋል ዕዳው ወደ እኔ ሊዞር ይችል ነበርና።

ሁለተኛው እርምጃ ሂሳብ መጠየቅ ሆነ። በሕጉ ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ መሆን፣ ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራትና በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ስለ ሥራው ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ወንድሜን «ሰረቅኸኝ» ማለት ሳያስፈልገኝ «ሂሳቤን አሳየኝ» ማለት በቂ ሆነልኝ። ወንድሜም አንድ የተማሪ ደብተር አመጣ። የቢሮው ረዳት ጠበቃ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ደብተሩን ከባንክ መግለጫው አጠገብ አድርጋ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ወር በወር ስታመሳክር ግማሽ ቀን ዋለች። የሰባት ዓመት ወጪ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው ሰፍሯል። «ለቤት ዕድሳት» ተብሎ 180,000 ብር በተመዘገበበት ወር ቤቱ ውስጥ ተከራይ ነበር፤ ያ ተከራይም ቤቱ ቀለም እንኳ እንዳልተቀባ በጽሑፍ መሰከረልን። በመጨረሻ ማስረጃ ያልቀረበለት ገንዘብ 1,340,000 ብር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ክሱ ተመሠረተ፤ አብሮም በቀሪዎቹ አክሲዮኖች ላይ የዕግድ ትእዛዝ ተጠየቀና ተሰጠ። ለሚስቱ ወንድም የተዛወሩትን በተመለከተ የተያዘው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2187 ነው፤ በወካይና በተወካይ መካከል የጥቅም ግጭት ኖሮ ከተወካዩ ጋር የተዋዋለው ሰው ይህን ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ ውሉ በወካዩ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ወካዩ ነገሩን ባወቀ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጠበቃው የማይገኘውንም ሳይደብቅ ነገረኝ፦ ገዢው ዝምድናም ሆነ መረጃ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ በሰጠሁት ሥልጣን ልክ ስለሸጠ አክሲዮኑን ማስመለስ አስቸጋሪ፣ የሚቀረኝም ወንድሜን ካሳ መጠየቅ ብቻ ይሆን ነበር። ተስፋዬን ቢቀንስብኝም ይህን ግልጽነት አከብራለሁ።

ቅሬታዎቼ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ከሌሎቹ ይከብዳል። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል ያስቀጣል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች ደግሞ አቤቱታው ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በቅርብ ዘመዶች መካከል የሚፈጠር የገንዘብ በደል በዚህ ጊዜ ገደብ ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል የተነገረኝ ሁለት ወር ከግማሽ ካለፈ በኋላ ነው። አቤቱታ ላለማቅረብ የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ በሕይወት እያለች ልጇን ማሳሰር አልሆነልኝም። ጠበቃውም ወንጀሉን ለማስፈራሪያ ልንጠቀምበት አይገባም ብሎኛል፤ በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በስልክ የሚነገር አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

ሌላው፣ ገንዘብ የላክሁባቸው ደረሰኞች በዐረብኛ ነበሩ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ መተርጎም ነበረባቸው። ቢሮው ይህን ያስታወሰው ከችሎቱ አራት ቀን በፊት ስለነበር ቀጠሮው ሁለት ወር ተላለፈ። የጥብቅና ውሉንም ስፈርም ክፍያው «ከተመለሰው ገንዘብ 15 በመቶ» ይላል፤ በዕግድ ብቻ የተጠበቁትን፣ ከእጄ ያልወጡትን አክሲዮኖች ቢሮው እንደ ተመለሰ ገንዘብ ቆጥሮ አስከፈለኝ። ተከራክሬ ግማሹን አስቀነስሁ፤ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ሰው ግን «የተመለሰ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ያስገባ።

ሽምግልናውም አልቀረም፤ ተራውን ጠብቆ መጣ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት፣ ማለትም ተከራካሪዎች በፍርድ ቤቱ አስማሚ ፊት ተነጋግረው እንዲስማሙ ወደሚሞከርበት መንገድ፣ መራው፤ ታላቅ አጎታችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ወንድሜን ይዘው መጡ። ሂሳቡ ተሠርቶ፣ ንብረቱ ታግዶ ስለነበር ንግግሩ አጭር ሆነ። ወንድሜ 960,000 ብር በስድስት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ፤ ስምምነቱም በችሎት ጸድቆ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ሆነ። ጠበቃው «ታርቀናል» በሚል ደረቅ ወረቀት እንዳንለያይ የእያንዳንዱን ክፍያ ቀንና ባይከፈል የሚከተለውን ጭምር አስጽፏል። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ሦስተኛው ክፍያ ገብቷል፤ የተዛወሩት አክሲዮኖች ክርክር ግን ገና በቀጠሮ ላይ ነው፤ እርሱንም ለዚሁ ቢሮ ትቼዋለሁ።