ለአንድ የደሴ ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ምስጋና፤ ኤክስቴንሽን ለተበላሸባችሁም ጥቆማ

በደሴ ከተማ የሰፈራችን ቅሬ (በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው) ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በቅሬው አባላትና በራሴ ስም፣ የቅሬውን የኤክስቴንሽን ገመዶች አንድ በአንድ መርምረው የሚጠገነውን ለጠገኑልን፣ የማይጠገነውንም በግልጽ ነግረው ላስወገዱልን አንድ ባለሙያ ምስጋናችንን ለማድረስ ነው። እግረ መንገዴንም በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በኩታበር አካባቢ የምትኖሩና ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ወገኖች፣ በተለይም የሌሎች ቅሬዎች ንብረት ኃላፊዎች፣ ወደ እኚህ ሰው እንድትሄዱ መጠቆም እወዳለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ፣ የሰፈሩ ሰው እንደሚጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የቅሬ ገመድ የሚደርስበትን መከራ የሚያውቀው መጋዘኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ወደተተከለበት ቦታ መብራት ከጎረቤት ቤት ይሳባል፤ ገመዱ በበር ሥር ያልፋል፣ መንገድ ያቋርጣል፣ ባጃጅ ይሄድበታል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ክረምት ከሆነም የጦሳ ተራራን ግርጌ ዝናብ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ሌሊቱን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ሰደቃም ይሁን ተዝካር ገመዱ የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ መጋዘን ነው፤ ሲመለስም በጥድፊያ ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ጥግ ላይ ይጣላል። ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ማይክ ተብሎ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሌሊት ማንም ሳያይ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሰካ ሰው ደግሞ በየለቅሶው አይጠፋም።

በዚህ ሁኔታ ከቆዩት ገመዶቻችን አንዳንዱ ፈጽሞ አይሠራም፤ አንዳንዱ በእጅ ሲደግፉት ይበራና ሲለቁት ይጠፋል፤ አንዱ ደግሞ በተሰካ ቁጥር የባለቤቱን ቆጣሪ ይጥላል። የተላጠው ቦታ ሁሉ ናስትሮ በናስትሮ ላይ ተደራርቦበት ስለነበር የትኛው ቁስል አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ጉዳዩን ለነገ እንዳንለው ያስገደደን የድንኳኑን ብረት ምሰሶ የተደገፈ አንድ ወጣት «ነዘረኝ!» ብሎ መጮኹ ነው። ልጁ ላይ ጉዳት ባይደርስም፣ ቅሬው ወዲያው ተሰብስቦ ገመዶቹ በሙሉ በባለሙያ እስኪታዩ ድረስ አንዱም ከመጋዘን እንዳይወጣ ወሰነ።

ጋሼ የሚሠሩት ሰኞ ገበያ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ታፔላቸው ዛሬም የሚናገረው ስለ ሬዲዮና ቴፕ ጥገና ነው። ቀደም ሲል ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት እንደሠሩ ሰምቼ ነበር፤ አሠራራቸውን ሳይም የፋብሪካ ሥርዓት ከእጃቸው እንዳልወጣ ተረዳሁ። ጥቅልሎቹን ተሸክመን ስንደርስ እኔ የጠበቅሁት ሰክተው እንዲሞክሯቸው ነበር። እርሳቸው ግን አንዱንም አልሰኩም። እያንዳንዱን ገመድ በረንዳው ላይ ዘርግተው፣ በጨርቅ እየጠረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት፤ የተጨፈለቀ፣ የተቆለመመ ወይም የደረቀ ቦታ ባጋጠማቸው ቁጥር በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ወንዴ ሶኬቶቹን ደግሞ ወደ አፍንጫቸው እያስጠጉ አሸተቱ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ እንደሚናገር የገለጹልኝ በዚህ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የተከፈቱት ሶኬቶች ለእኔ ትምህርት ነበሩ። በአንዱ ውስጥ ሽቦውን የሚይዘው ብሎን ላልቶ፣ ዙሪያው ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩም እንደ ሰም ወርዶ ነበር። የላላ መገናኛ ኤሌክትሪኩን በጠባብ ነጥብ ስለሚያሳልፈው ያ ነጥብ ይግላል፤ ሲግል ብረቱ ይዝጋል፣ ብሎኑም ይበልጥ ይላላል፤ በዚህ ዓይነት ጥፋቱ ራሱን እያባዛ ይሄዳል። የሚገርመው ብሎኑ የላላበት ምክንያት ቀደም ሲል የተደረገ «ጥሩ ጥገና» መሆኑ ነው፤ ከዚህ በፊት የነካው ሰው የሽቦውን ክሮች በሊድ በይዶ ከብሎኑ ሥር አስገብቷቸዋል። ሊድ ለስላሳ ስለሆነ በብሎን ሲጨፈለቅ በጊዜ ብዛት ቦታውን ይለቃል። ጋሼ የተበየደውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉና ንጹሑን መዳብ ገምደው፣ ጫፉን አጥፈው አሰሩት፤ የገመዱ የውጭ ላስቲክም ከሶኬቱ ማነቂያ ሥር እንዲገባ አደረጉ፣ ይህም ገመዱ ሲጎተት ጉልበቱ ብሎኖቹ ላይ እንዳያርፍ ነው። በሌላው ሶኬት ውስጥ አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ ከነአካቴው ተቆርጦ ቀርቷል። ከውጭ ሲታይ ባለ ሦስት ሽቦ የሆነው ገመድ ከውስጥ ባለ ሁለት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል ማለት ነው።

ወጣቱን የነዘረው ገመድ ምክንያቱ ብዙም ሳያስቸግር ተገኘ። ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን ከብረት ምሰሶው ጋር በቀጭን ሽቦ አጥብቀው አስረውት፣ ሽቦው የውጭውንም የውስጡንም ላስቲክ በልቶ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ላይ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ገመድ በሲባጎ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ካልሆነ በቀር በሽቦ እንዳይታሰር ደንብ አውጥተናል።

ሲይዙት የሚበሩትን ገመዶች በመልቲሜትር ፈተሿቸው። ከመብራት የተነቀለውን ገመድ የሁለቱን ጫፎች ተመሳሳይ ሽቦ በመልቲሜትሩ ይዘው፣ እኔን ገመዱን ከወንዴው ሶኬት ጀምሬ ቀስ እያልኩ እንዳጥፍ አዘዙኝ። መልቲሜትሩ እየጮኸ ቆይቶ ዝም ያለባት ቦታ ስብራቱ ያለባት ናት። ከአንዱ ገመድ በስተቀር ሁሉም የተሰበሩት ከሶኬቱ አንገት ሥር፣ ገመዱ ሲነቀል በሚጎተትበት ቦታ ላይ ነበር፤ እነዚህ ጫፋቸው ተቆርጦ አዲስ ሶኬት ገባላቸው።

የቀረው ግን በፕላስቲክ መንኮራኩር ላይ የሚጠቀለለው የ50 ሜትሩ ገመድ ነበር፤ የቅሬው ውድ ንብረትም እርሱ ነው። አንደኛው ሽቦ መሐል ላይ የሆነ ቦታ ተበጥሷል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። በሰፈራችን ልማድ ቢሆን በየሜትሩ እየላጡ መፈለግ ነበር። ጋሼ «አብሽር፣ ቢላዋህን አስቀምጥ» አሉኝና መልቲሜትሩን ናኖፋራድ (ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ) ወደሚለካበት አዞሩት። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች በመካከላቸው ጥቂት ቻርጅ የመያዝ ባሕርይ አላቸው፤ ይህም መጠን ከርዝመታቸው ጋር እኩል ያድጋል። ስለዚህ የተበጠሰውን ሽቦ ከጤነኛው ጋር አድርገው በመጀመሪያ ከወንዴው ጫፍ፣ ቀጥሎም ከሴቴው ጫፍ ለኩ። ከወንዴው በኩል 4 ናኖፋራድ ግድም፣ ከሴቴው በኩል ደግሞ 1 ናኖፋራድ ግድም አነበበ። ሁለቱ ሲደመሩ የ50 ሜትሩ ድርሻ 5 ነው፤ ስለሆነም ስብራቱ ከወንዴው ጫፍ 40 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በሜትር ለክተን ስንደርስ፣ ጋሼ ቀድመው በጠመኔ ምልክት ካደረጉባቸው የተጨፈለቁ ቦታዎች አንዱ እዚያው አጠገብ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ሥራ እኔን ያስደነቀኝ ይኸኛው ነው።

እዚያ ላይ ቆርጠው እንዲያያይዙልን ጠየቅሁ። አሻፈረኝ አሉ። መሐል ላይ ተገምዶ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ሲጎተት ይላላል፣ ዝናብ ሲያገኘው ውኃ ያስገባል፣ የሚረግጠውም ሰው ነው፤ ስለዚህ ከአንድ 50 ሜትር ገመድ አንድ 40 ሜትርና አንድ 10 ሜትር ሠርተው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ሶኬት አስገብተው ሰጡን። በዚሁ አጋጣሚ ያሉትን እጠቅሳለሁ፦ «መብራቱ ጠፋ ማለት ገመዱ ሞተ ማለት አይደለም። ኒውትራሉ (መላሹ ሽቦ) ተበጥሶ ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፤ ፌዙ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።» እኛ አገር የሚሠራበት ባለ ሁለት እግር ሶኬት ተገልብጦም ስለሚገባ፣ የትኛው ሽቦ ፌዝ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የተበላሸ ገመድ ከመነካቱ በፊት መነቀል አለበት የሚሉትም ለዚህ ነው።

ውኃ የጠጡትን ገመዶች ፀሐይ ላይ ሰቅለን ካደረቅናቸው በኋላ በ500 ቮልት በሚፈትን ሜገር የላስቲካቸውን ጤንነት ለኩልን። በሽቦዎቹ መካከል ያለው የላስቲክ የመከላከል አቅም ከ1 ሜጋኦም በታች የወረደባቸውን ከሥራ አስወጧቸው። ቆጣሪ ይጥል የነበረው ከነዚህ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም የማግኔት ፈተና መጣ። ርካሽ ከተባሉት ገመዶች ውስጥ የአንዱ «መዳብ» ማግኔት ላይ ተለጠፈ፤ ይህም መዳብ የተቀባ ብረት መሆኑን ያሳያል። የሌላው ክር በምላጭ ሲፋቅ ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። ሁለቱንም ማንም ከቆሻሻ መጣያ አንሥቶ እንዳይጠቀምባቸው ፊታችን ቆራርጠው ጣሏቸው። መጀመሪያ ቅር ያለን ቢሆንም ሥራው ልክ ነው።

የተረፉት ገመዶች እያንዳንዳቸው ርዝመታቸውና የሚሸከሙት ጭነት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ተመለሱ። ስሌቱን ለቅሬው ጉባኤም አብራርተውልናል። 10 አምፔር የሚል ገመድ በ220 ቮልት የሚሸከመው እስከ 2,200 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ በዲቫይደርም ሆነ በእንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት የለበትም። የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የሽቦው ውፍረትም እንዲሁ ከባድ ጉዳይ ነው፤ 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ እያንዳንዱ ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ 10 አምፔር ሲያልፍበት 26 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል፤ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ የሚበላው 13 ቮልት ግድም ነው። በመንኮራኩር ላይ የተጠቀለለ ገመድም ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ፣ የሚፈለገው 5 ሜትር ብቻ ቢሆንም እንኳ ከባድ ነገር ከመሰካቱ በፊት እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት።

ጉድለታቸውን ሳልናገር ባልፍ ጥቆማዬ ጎደሎ ይሆናል። ጋሼ አይቸኩሉም፤ «ለማታ ለቅሶ አለብን» ብትሏቸውም ያልፈተሹትን ገመድ ከእጃቸው አያወጡም። ኃይለ ቃልም ይናገራሉ። ሒሳባቸው ግን ንጹሕ ነው፤ የተቀየረውን ሶኬትና የእጅ ዋጋቸውን ለየብቻ በወረቀት ጽፈው ሰጡን፣ ለጣሏቸው ገመዶች ምርመራ ግን አላስከፈሉንም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ቅሬያችን ከልብ ያመሰግናቸዋል።

ወደ እርሳቸው መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይከፍቱም፤ ሰኞ ዕለትም ገበያው ስለሚጨናነቅ ጥቅልል ተሸክሞ መግባት ያስቸግራል። የተቃጠለውን ሶኬት ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት፤ ብልሽቱ ከየት እንደተነሣ የሚያነቡት ከእርሱ ላይ ስለሆነ ገመዱን ከነሶኬቱ፣ ናስትሮውንም ሳትፈቱ ውሰዱላቸው።