ልዕለ ተፈጥሯዊ ሕፃናት በጅማ አንድ የፊልም ማሳያ ቤት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የፊልም ማሳያ ቤት ሰሞኑን ከሰው የተለየ ኃይል ያላቸው ልጆች የሚታዩባቸውን ሦስት ፊልሞች በተከታታይ ምሽቶች አቅርቧል። ምርጫው የሚያስመሰግን ነው፤ ሦስቱን ያየ ተመልካች ስፔሻል ኢፌክት (በሜካፕ፣ በኮምፒውተር ወይም በድምፅ የሚሠራ የፊልም ብልሃት) በልጅ ገጽታ ላይ መቼ እንደሚሠምር፣ መቼ እንደሚከሽፍ ለማነጻጸር ጥሩ ዕድል አግኝቷል። ቅሬታዬ በአቀራረቡ፣ በተለይም በድምፁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ስለ ቫምፓየሮች (ደም መጣጭ ፍጡራን) የሚተርከው የ«ትዋይላይት» ተከታታይ የመጨረሻ ክፍል ነበር። ሬኔዝሜ የተባለችው ልጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የምታድግ በመሆኗ፣ የፊልሙ ሠሪዎች ገና በአራስነቷ ከፍ ስትል የምትጫወታትን ተዋናይት ማኬንዚ ፎይን እንድትመስል ፈልገዋል። አስቀድመው በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት አሠርተው ነበር፤ አሻንጉሊቱ የሚያስፈራ ሆኖ ስለተገኘ ተተወና የፎይ ፊት በኮምፒውተር ተሠርቶ ሬኔዝሜን በሚጫወቱት ሕፃናት ፊት ላይ ገባ። እንደ እኔ ግምገማ ይህም አልሠመረም። እናቷ ስታቅፋት ሕፃኗ እንደ አዋቂ ትኩር ብላ ታያታለች፤ ፈገግታዋም ከጉንጯ ጋር የተያያዘ አይመስልም። ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ሕፃን ከጭን ወደ ጭን ሲዞር ያደገ ተመልካች፣ የአራስ ዓይን እንዴት እንደሚንከራተት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ጃፓናዊው የሮቦት ምሁር ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፉት፣ ሰው መሳይ ነገር ሰውን ለመምሰል በጣም ሲቀርብና ጥቂት ሲጎድለው ከመወደድ ይልቅ ይቀፋል። የቤቱ ፕሮጀክተር ብርሃኑ ከመጠን በላይ ደምቆ ስለነበር ጉድለቱ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራው «ዘ ኤክሶርሲስት» ግን በዕድሜ ቢያረጅም አሁንም ያሳምናል። ርኩስ መንፈስ ያደረባትን ልጅ የተጫወተችው ሊንዳ ብሌር ናት፤ ፊቷን የቀየረው የዲክ ስሚዝ ሜካፕ ነው። የመኝታ ክፍሉ በማቀዝቀዣ እንዲበርድ ስለተደረገ ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣው ጭጋግ እውነተኛ ትንፋሽ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድምፁ ነው። ከልጅቷ አፍ የሚወጣው ሻካራ የመንፈስ ድምፅ የአንጋፋዋ ተዋናይት የሜርሴዲስ ማክኬምብሪጅ ነው፤ የትንሽ ልጅ ፊትና የአሮጊት ጉሮሮ በአንድ አካል ሲገናኙ ተመልካች የሚንቀጠቀጠው ያለ አንዳች ኮምፒውተር ነው። ማሳያ ቤቱ ያቀረበው ቅጂ ደግሞ በአንድ ተራኪ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነበር። ተራኪው ንግግሩ የጠራ፣ ለድብድብ ፊልም እጅግ የሚመች ባለሙያ ነው፤ ሆኖም የእናትየውን፣ የቄሱንና የመንፈሱን ቃል በዚያው በአንድ ድምፅ ሲያሰማን፣ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ድምፅም እጅግ ዝቅ ስለተደረገ፣ የፊልሙ ዋና ኢፌክት ከአዳራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ልጅቷ ስትናገር ድምፅዋ አስቀድሞ እንዲሰማ ተደርጎ ትርጉሙ ከኋላ የሚከተልበት ቅጂ ቢመረጥ ሁለቱም ይገኙ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የስዊድን ፊልም «ሌት ዘ ራይት ዋን ኢን» ይህንኑ አረጋግጦልኛል፤ ምክንያቱም በራሱ ድምፅና በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ትርጉም ቀርቧል። ዘመናትን የኖረችውን ቫምፓየር ልጅ የተጫወተችው ሊና ሌአንደርሰን ስትሆን ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ወፈር ባለ ድምፅ ተተክቷል። ተመልካች የተደረገውን ለይቶ ባያውቅም ልጅቷ እንደ እኩዮቿ አለመሆኗን ይረዳል። ዕድሜዋ ከሁሉ በላይ በጆሮ ተነገረን። ከሦስቱ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምንም እንኳ ጽሑፉን በፍጥነት ማንበብ ያቃታቸው ተመልካቾች ከመካከሉ ተነሥተው ቢወጡም።

የቀረው አገልግሎት መልካም ነው። የመግቢያው ዋጋ ለተማሪ ኪስ አይከብድም፤ ወንበሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋም ጄነሬተሩ ወዲያው ይነሣል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ግን ከመንገዱ የሚገባው የባጃጅ ድምፅ ስለሚረብሸው መሐል መያዝ ይሻለዋል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ቢቀነስና መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ቢሸፈኑ የጨለማ ትዕይንቶች ግራጫ መሆናቸው ይቀራል። አንድ ነገር ግን ለነገ የሚባል አይደለም፦ «ዘ ኤክሶርሲስት» በታየበት ምሽት ዕድሜያቸው ለዚያ ፊልም ያልደረሰ ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ገብተው ነበርና፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ ዕድሜ እንዲጠይቅ ባለቤቶቹ ሊያዙት ይገባል።