የጀርመን ቤተሰብ ስም ፍለጋ በደሴ፦ «ፍላድ» በተባለው ስም የተፈተነ አገልግሎት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የትርጉም ቤቶች አንዱ፣ ከፎቶ ኮፒው፣ ከቪዛ ቅጽ መሙላቱና ከሰነድ ትርጉሙ ጎን ለጎን፣ የአውሮፓውያንን የቤተሰብ ስም አመጣጥና ዛሬ የተሠራጨበትን አካባቢ አጣርቶ በወረቀት አትሞ መስጠት ጀምሯል። አብዛኞቹ ደንበኞች ጀርመን የሚኖር ልጅ ያላቸውና የአማቻቸውን ወገን ማወቅ የሚሹ ወላጆች ናቸው፤ ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ፍላጎቱ የሚያስገርም አይደለም። እኔ አገልግሎቱን የፈለግሁት በሌላ ምክንያት ነው። መቅደላን ለሚጎበኙ እንግዶች ስለ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን እስረኞች አጭር የመግለጫ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ስለ ነበርሁ፣ ከእነርሱ መካከል ብዙም የማይገኝ የቤተሰብ ስም የነበረውን የዮሐን ማርቲን ፍላድን ስም አስመረመርሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ስሙ ዛሬ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳየው ካርታ ለተከፈለበት ገንዘብ ይበቃል፤ «የስሙ አመጣጥ» በሚል ርእስ የቀረበው ክፍል ግን ካርታውን መልሶ በቃላት ከመናገር ያለፈ ሥራ አልተሠራበትም።

ፍላድ ለወሎ እንግዳ ስም አይደለም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1831 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ፣ ኡንዲንገን በምትባል የደጋ መንደር ተወለደ፤ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ሠልጥኖ በ1850ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ መጣና በቤተ እስራኤል መካከል በሚሲዮናዊነት አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ የተላከው እርሱ ነው፤ ለመመለሱ ዋስትና እንዲሆኑ ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቹ እዚሁ አገር ተይዘው ቀሩ፤ እርሱም ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ቦታ ከተደረገው ጦርነት ማግሥት፣ ከእስረኛው እንግሊዛዊ መኮንን ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር ሆኖ የንጉሡን መልእክት ወደ እንግሊዝ ጦር አዛዥ ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰፈር ይዞ የወረደውም ይኸው ፍላድ ነበር። ዛሬ አምባ ማርያም በምትባለው መቅደላ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ አጠገብ ቆመው ይህን ታሪክ የሚሰሙ ጀርመናውያን እንግዶች፣ ስሙ ከየትኛው የአገራቸው ክፍል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነበር ከአገልግሎቱ የጠበቅሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛው ስሙን በላቲን ፊደል በቅጽ ላይ ይሞላል፤ በአማርኛ ብቻ ጽፎ የመጣ ሰው ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዞ እንዲመለስ ይጠየቃል፤ ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም ጀርመናውያን በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ድ» ወደ «ት» አስጠግተው ስለሚጠሩት፣ በጆሮ ብቻ ተሰምቶ የተጻፈ ስም ወደ ሌላ ቤተሰብ ይወስዳል። ካርታና ቁጥር ብቻ ለሚፈልግ 300 ብር፣ «ሙሉ ጥራዝ» ለሚፈልግ 700 ብር ይከፈላል። ሙሉ ጥራዙን ነው የወሰድሁት። በቀለም የታተመ የጀርመን ካርታ፣ የቁጥር ሠንጠረዥና ወደ አማርኛ የተተረጎመ የአንድ ገጽ ማብራሪያ በፕላስቲክ ሽፋን ተጠርዞ በማግሥቱ ተሰጠኝ። የኅትመቱ ጥራት የሚያስመሰግን ነው፤ የወረዳዎቹ ወሰን ሳይደበዝዝ ይነበባል።

ማብራሪያው ስሙ ከመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ የመጣ መሆኑን፣ ቃሉ በዚያ ዘመን ስስና ጠፍጣፋ የተጋገረ ነገር፣ በእኛ ቢባል ቂጣ፣ ማለት እንደ ነበርና የመጀመሪያው ባለ ስም ይህን ጋግሮ የሚሸጥ ሰው ሳይሆን እንዳልቀረ ይናገራል። ይህ አባባል መሠረት አለው። የጀርመን ቤተሰብ ስሞች በአምስት ዋና ዋና ወገኖች ይመደባሉ፦ ከአባት ስም የወጡ፣ ሰውዬው ከመጣበት አገር የወጡ፣ ከሚኖርበት ቦታ ጠባይ የወጡ፣ ከሙያ የወጡና ከቅጽል የወጡ። ዳቦና ኬክ ጋጋሪዎች ደግሞ በሚጋግሩት ነገር ስም መጠራታቸው የታወቀ ልማድ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ጎንደር ተነሥቶ ከመንገድ ሲመለስ በወሎው ባላባት በአደራ ቢሌ እጅ ወድቆ ንብረቱን የተዘረፈው ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም እንዲሁ ከሊጥ ጋር የተያያዘ ስም ነበረው፤ የእርሱ ስም ጥንት ቆልማማ ቅርጽ የነበረውን፣ ዛሬ ግን ከቦምቦሊኖ ብዙም የማይለየውን የተጠበሰ ሊጥ ያስታውሳል። ወሎን ከረገጡት የቀደሙ ጀርመናውያን ሁለቱ በጋጋሪ ስም መጠራታቸውን ለእንግዶቼ መንገሬ አይቀርም።

ጉድለቱ ያለው ማብራሪያው አንዱን መልስ ብቻ ሰጥቶ በማለፉ ነው። በዚያው በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ንጽሕናንና ውበትን የሚያመለክት፣ በድምፅ እጅግ የሚቀራረብ ሌላ ቃል ነበረ፤ በመጨረሻው ላይ በተለያዩ ፊደላት የሚጻፉትን የዚህ ስም ዘመዶች የሚያጠና ሰው ሁለቱንም ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ለየትኛው ቤተሰብ የትኛው እንደሚስማማ በቆዩ መዛግብት መመርመር ይኖርበታል። 700 ብር የተከፈለበት ጥራዝ ቢያንስ ሁለተኛው መንገድ መኖሩን መጠቆም ነበረበት።

ወደ ካርታው ስንመጣ ነገሩ ይሻላል። ካርታው የተሠራው ከጀርመን የቤት ስልክ ማውጫዎች በተወሰደ መረጃ ነው። ይህ ዘዴ የዘፈቀደ አይደለም፤ የፍራይቡርግና የማይንትስ ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 በሰባት ቅጾች ያወጡት ታላቁ የጀርመን ቤተሰብ ስሞች አትላስም የተመሠረተው የዶይቸ ቴሌኮም የቤት ስልክ ደንበኞች በ2005 በነበሩበት ሁኔታ ላይ ነው። ያ ዘመን የተመረጠው አብዛኛው ቤተሰብ ገና የቤት ስልክ ስለ ነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሞባይል ብቻ የሚይዘው ሰው እየበዛ በመሄዱ ማውጫው የሕዝቡን ስም በሙሉ መወከሉ ቀርቷል። ስለዚህ ደንበኛው «ዛሬ» ተብሎ የሚሰጠው ሥርጭት የሃያ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው መሆኑን ማወቅ አለበት፤ በጥራዙ ላይ ግን ዓመቱ የትም አልተጻፈም። በተጨማሪም በማውጫው የሚቆጠረው የስልክ መሥመር እንጂ ሰው አይደለም፤ አንድ መሥመር በአንድ ስም የተመዘገበ አንድ ቤተሰብ ስለሚሆን፣ በሠንጠረዡ ላይ «ሰዎች» ተብሎ የተተረጎመው ዓምድ «የስልክ መሥመሮች» መባል ነበረበት።

ካርታውን ያስረከበችኝ ወጣት ሠራተኛ በጣቷ እያመለከተች፣ «ጋሼ፣ ይኸው በጣም የቀላው ቦታ ነው የስሙ አገር» አለችኝ። ቅላቱ በእርግጥ በደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ዛሬ ባደን-ቩርተምበርግ በሚባለው ክፍለ አገር ላይ ነበር። ይሁን እንጂ የተሰጠኝ ካርታ ፍጹም ቁጥርን፣ ማለትም በየቦታው ያሉትን ባለ ስሞች ብዛት ብቻ፣ የሚያሳየው ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለው ካርታ ሕዝብ የሚበዛበትን ከተማ ሁሉ ያቀላል፤ በርሊን ውስጥ የሌለ የጀርመን ስም ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነውና። «የኔ እናት፣ ከነዋሪው ብዛት ጋር ተመዝኖ የወጣ ካርታ አይኖርም?» ብላት፣ ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ ጥቂት ከፈለገች በኋላ በሚሊዮን ነዋሪ ስንት ባለ ስም እንዳለ የሚያሳየውን ሁለተኛ ካርታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አትማ ሰጠችኝ። መስተንግዶው ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ሁለቱ ካርታዎች ሳይጠየቁ አብረው መሰጠት ያለባቸው ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ያሳስታል።

በተለይ ስሙ ብርቅ ሲሆን ነገሩ ይብስበታል። በጀርመን ወደ 850,000 የሚጠጉ የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች እንዳሉ ይገመታል፤ ከእነዚህ መካከል እንደ ሙለርና ሽሚት ያሉት በየወረዳው ሞልተው ስለሚገኙ ካርታቸው ስለ አንድ ቤተሰብ የሚናገረው ነገር የለም። ብርቅ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መንደሮች፣ አንዳንዴም ከአንድ አባወራ የወጣ ስለሚሆን፣ ካርታው ወደ ትክክለኛው አካባቢ የመጠቆም ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንጻሩ ባለ ስሞቹ ጥቂት በመሆናቸው፣ ሁለት ወንድማማቾች ለሥራ ወደ አንድ አነስተኛ ወረዳ ቢዛወሩ በሚሊዮን የሚሰላው ካርታ ያን ወረዳ ቀይ አድርጎ ያወጣዋል፤ አንባቢውም የስሙን ምንጭ ያገኘ ይመስለዋል። ካርታው ላይ ከደቡብ ምዕራቡ ርቀው ለብቻቸው የቀሉትን ቦታዎች በዚህ ዓይን ነው ማየት ያለብን።

ዋናው ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሣል። ጥራዙ «የስሙ አመጣጥ» ብሎ የጻፈው ካርታው ዛሬ ቀልቶ የሚታይበትን አካባቢ ነው። ይህ ለፍላድ በአጋጣሚ ከእውነቱ ላይርቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ኡንዲንገን በዚያው በቀላው አገር ውስጥ ናት፤ ዛሬ በሮይትሊንገን ወረዳ ዞነንቡል በሚባለው ማዘጋጃ ቤት ሥር ትገኛለች። የስም ምንጭ የሚጣራው ግን ከቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነው። በቩርተምበርግ እነዚህ መዛግብት የሚጀምሩት በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 በተካሄደው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙዎቹ ጠፍተዋል። በዚያ ጦርነት በባዶነት በቀሩ መንደሮች ውስጥ ከስዊዘርላንድ የመጡ ቤተሰቦች ሠፍረዋል፤ ስለዚህ በቩርተምበርግ ተወላጅ መስሎ የሚታይ ስም ከተራሮቹ ማዶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከስልክ ማውጫ ይህን ማንበብ አይቻልም።

የአጻጻፍም ጉዳይ አለ። የጀርመን ቤተሰብ ስሞች ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ የጀመሩት በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ በምዕራብና በደቡብ ከተሞች ነው፤ አጻጻፋቸው በሕግ የረጋው ግን በመላው ግዛት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን የሚመዘግበው የመንግሥት የክብር መዝገብ ሥራ ከጀመረበት ከጥር 1 ቀን 1876 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቄሱ ወይም ጸሐፊው እንደ ሰማው ይጽፍ ስለ ነበር፣ የአንድ አያት ልጆች በ«ድ»፣ በ«ት» ወይም በሁለቱም ፊደላት የሚያልቅ ስም ይዘው ሊለያዩ ይችላሉ። ጽሕፈት ቤቱ የፈለገው በቅጹ ላይ የሞላሁትን አንዱን አጻጻፍ ብቻ ነው። ቅጹ «ሌላ አጻጻፍ ካለ» የሚል አንድ መሥመር ቢጨመርበት ይህ ችግር ይቃለላል።

ካርታው በጀርመን ወሰን ላይ መቆሙም ያጎድለዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከባደንና ከቩርተምበርግ የተሰደደው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከባደን አብዮት መክሸፍ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1849 ወደ አሜሪካ የተሻገረው መሐንዲስ ሄንሪ ፍላድ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በ1874 በተመረቀው በኢድስ ድልድይ ሥራ የዋናው መሐንዲስ ረዳት ነበር። ሚሲዮናዊውና መሐንዲሱ ዘመዳሞች ነበሩ ለማለት ስም ብቻውን አይበቃም፤ ሆኖም «ዛሬ የሚገኝበት ቦታ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል አገልግሎት አሜሪካን ሊዘል አይገባውም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ፣ በእኛ በወሎ እንዲህ ያለ ካርታ ቢሠራ ምን ያሳይ ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም። የልጅ ስም ከአባት ስም፣ የአባትም ከአያት ስም ጋር ተያይዞ በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ አንድ ስም በአንድ ቀዬ ረግቶ የሚቆይበት ሥርዓት የለንም፤ በአንድ ሰው ስም ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ተከታትሎ ማግኘትም በወሎ የተለመደ ነው። እነርሱ ከስልክ ማውጫ የሚለቅሙትን እኛ ከሽማግሌ አፍ እንለቅመዋለን፤ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ቀን ይህንንም በቅጽ አስሞልቶ መመዝገብ ቢጀምር ደንበኛ አያጣም።

የአማርኛ ትርጉሙ በአመዛኙ የሚነበብ ነው፤ ዘመን አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ አለመለየቱ ግን ለታሪክ ጽሑፍ ለሚፈልገው ሰው ሥራ ያበዛል። ለሚያስብ ደንበኛ የምመክረው የ300 ብሩን ወስዶ ሁለቱንም ካርታዎች እንዲጠይቅና መረጃው የተሰበሰበበትን ዓመት እንዲያስጽፍ ነው። የስሙን ትርጉም ለማወቅ፣ የማይንትስ የሳይንስ አካዳሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያዘጋጁት የጀርመን ቤተሰብ ስሞች ዲጂታል መዝገበ ቃላት በነፃ ይነበባል፤ ሁሉም ስም ገና ባይገባበትም፣ የገቡት ሲብራሩ አማራጭ ትርጉሞቹ ከነማስረጃቸው ተዘርዝረው ነው። የአማቻቸው ወገን ከሲሌዥያ፣ ከምሥራቅ ፕሩሲያ ወይም ከሱዴተን አካባቢ የመጣ ወላጆች ደግሞ የ«አመጣጥ» ጥራዙን ባይገዙ ይሻላል፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመናውያን ከእነዚህና ከሌሎች የምሥራቅ አገሮች ተፈናቅለው በመላው ጀርመን ስለ ተበተኑ፣ ካርታው የሚያሳያቸው ስደተኛው የሠፈረበትን ቦታ ነው፤ አያቶቹ የተቀበሩበት መንደር ዛሬ በፖላንድ፣ በሩሲያ ወይም በቼክ መሬት ላይ ነው።