ፊንግ፦ በጋራ ዋይፋይ ላይ ያልታወቁ መሣሪያዎችን ለመለየት

ደሴ ሆጤ አካባቢ በምንኖርበት ግቢ፣ አከራያችንን ጨምሮ አምስት ቤተሰቦች አንድ የዋይፋይ መስመር በጋራ እንጠቀማለን፤ ወርሃዊውን ክፍያ ከየቤቱ ሰብስቤ የምከፍለው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት መስመሩ ማታ ማታ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረን «ከውጭ የገባብን ሰው አለ» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ጥርጣሬውም በቅርቡ ተከራይቶ በገባ አንድ ተማሪ ላይ አረፈ። ሰው በወሬ ከሚታማ አጣርቶ ማየት ይሻላል ብዬ ፊንግ የተባለውን አፕሊኬሽን ጫንኩ።

አፕሊኬሽኑ በነጻ ይገኛል፤ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። ቅኝት ሲያስጀምሩት ከራውተሩ ጋር የተገናኘውን ሁሉ ከነአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ራውተሩ ከሰጠው መለያ ቁጥር ጋር፣ ይዘረዝራል፤ ቀደም ሲል ታይቶ የወጣውንም አደብዝዞ ያቆየዋል። ከየቤቱ ጠይቄ በደብተር የመዘገብኳቸው ዕቃዎች አሥራ ሦስት ነበሩ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ዝርዝሩ ላይ የታዩት ግን አሥራ ስድስት ሆኑ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማክ አድራሻ፣ ማለትም ዕቃው ራሱን ለኔትወርኩ የሚያሳውቅበት መለያ፣ 12 ምልክቶች (ቁጥሮችና የላቲን ፊደላት) አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ለአምራቹ የተመደቡ ስለሆኑ አፕሊኬሽኑ ከእነርሱ ተነሥቶ የአምራቹን ስም ይጽፋል። ይህ ስም ግን ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ቺፑን የሠራው ድርጅት ስም እንጂ በዕቃው ላይ የምናነበው ስም አይደለም። ካልታወቁት ሦስት ዕቃዎች አንዱ «ሪልቴክ» ይል ነበር፤ በግቢው ውስጥ እንዲህ የሚባል ስልክ ያለው ሰው የለም። በመጨረሻ የአከራያችንን ሳሎን ሳይ ከዲሽ ሪሲቨሩ ጀርባ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትንሽ የዋይፋይ ፍላሽ ተሰክቶ አገኘሁ። ጋሼን አስፈቅጄ ስነቅለው «ሪልቴክ» ከዝርዝሩ ደበዘዘ፤ መልሼ ስሰካው ተመለሰ። ዕቃን አንድ በአንድ እያጠፉ እንደገና መቃኘት፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ከማንኛውም ስም የበለጠ የሚታመን መለያ ነው።

ሁለተኛው ያልታወቀ ዕቃ የአምራች ስም አልነበረውም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 እና በ2020 ከወጣው አይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች እውነተኛ ማክ አድራሻቸውን ደብቀው በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ማሳየታቸው ነው፤ አድራሻውም ለየዋይፋይ ስሙ ይለያያል። የእኛ ራውተር ደግሞ ለ2.4 እና ለ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገዶቹ ሁለት የተለያዩ ስሞች ስላሉት፣ የባለቤቴ ስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ሌላ ዕቃ መስሎ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለው አድራሻ ሁለተኛዋ ምልክቱ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ በመሆኗ ይታወቃል። ይህን ሳያውቁ ዝርዝሩን ብቻ ይዘው ሰው ቢወነጅሉ ትልቅ በደል ይሆናል፤ በእኛም ግቢ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። የተማሪው ስልክና ላፕቶፕ ራሱ ካስመዘገበው ጋር አንድም ልዩነት አልነበራቸውም፤ ይህንንም ጎረቤቶቻችን ለቡና በተሰበሰቡበት፣ እርሱ ባለበት፣ ደብተሩን ገልጬ አሳየሁ።

ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው የምመክረው ከተቻለ በላፕቶፕ እንዲቃኝ ነው። አይፎንና አዳዲሶቹ የአንድሮይድ እትሞች አፕሊኬሽኖች የሌሎችን ዕቃዎች ማክ አድራሻ እንዳያነቡ ስለሚከለክሉ በስልክ የሚገኘው መረጃ ይጎድላል። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የተገናኙትን ዝርዝር ማስተያየትም አይቅር፤ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ሦስተኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ፊንግም፣ ጎረቤቶቼም፣ እኔም አላወቅነውም። የይለፍ ቃሉን ቀይሬ፣ ደብልዩፒኤስ የሚባለውን የአዝራር ማገናኛም አጥፍቼ፣ አዲሱን ቃል ለየቤቱ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። የማታው መንቀራፈፍ ግን አልቀረም፤ የቀነሰው ጋሼ በሪሲቨሩ በኢንተርኔት የሚያዩትን ጣቢያ ወደ ሳተላይት ሲመልሱት ነው። ነጻው ፊንግ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል ዳታ እንደሚወስድ አላሳየኝም። በክፍያ የሚሰጠው ተጨማሪ አገልግሎት፣ እንደኛ ባለ ግቢ ዕቃ ለመቁጠርና ለመለየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው፣ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።