ሩብ አውሮፕላን ነበረኝ፤ ለመሸጥ 11 ወር ፈጀብኝ

ባለፈው ሳምንት ገንዘቡ ገባ። 8,500 ዶላር። የእህቴ መልእክት ሲመጣ ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የውሃ ፓምፕ ጎሚኒ እየቆጠርኩ ነበር። «እንኳን ተገላገልክ» ይላል። የገዛሁት በ14 ሺህ ነው። 25 ወር ተጠቀምኩበት፤ ከዚያ ለመሸጥ ብቻ 11 ወር ሄደ። ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ስለሆነ ሚዛናዊ አስተያየት የምትፈልጉ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ።

ዕቃው የአውሮፕላን ሩብ ድርሻ ነው። አትሳቁ። ቨርጂኒያ እኖር በነበረ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ተምሬ የበረራ ፈቃድ አወጣሁ። እዚያ አገር ትንሽ አሮጌ አውሮፕላን የግድ የከበርቴ ዕቃ አይደለም። አራት ሆነው ሲገዙት የአንዱ ድርሻ እዚህ ከአሮጌ ቪትስ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የኛዋ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራች ሴስና 172 ነበረች። አራት ወንበር፣ አንድ ሞተር፣ 160 የፈረስ ጉልበት፤ ክንፏ ከላይ ስለሆነ መሬቱን ወለል አድርጋ ታሳያለች። ይህ ሞዴል ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ በብዛቱ የሚስተካከለው አውሮፕላን የለም። ስለ እሷ ክፉ ነገር የለኝም። ትነሳለች፣ ትበራለች፣ ታርፋለች። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ወደ 32 ሊትር ነዳጅ ትጠጣለች። ነዳጁ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ እስካሁን እርሳስ የሚጨመርበት ቤንዚን ነው። በቃ፣ ስለ አውሮፕላኗ ይኸው ነው።

ጣጣው ያለው «ድርሻ» የሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ሱቄ አጠገብ ቡና የምንጠጣበት ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አንተ ልጅ፣ ሩቡ የቱ ነው? ክንፉ ነው ጭራው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። «ዕዳው ነው አባባ» አልኳቸው። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስገዛ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቅርጫ ሲሆን ነገሩ ግልጽ ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው ይመደባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ መደብህን ተሸክመህ ቤትህ ትገባለህ። አውሮፕላን ታርዶ አይመደብም። «እንግዲያው መቀናጆ ነዋ» አለኝ ቃሉ ወረዳ ገጠር ያለው አጎቴ። እሱ አንድ በሬ አለው፣ ጎረቤቱ አንድ በሬ አለው፣ አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። እሱም አይደለም። በመቀናጆ የተጣሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው በሬያቸውን እየነዱ ይሄዳሉ። እኔ ምን እየነዳሁ ልሂድ?

አጎቴን አንድ ነገር ጠየቅሁት። በመቀናጆ ብዙ ጊዜ ጠቡ ከምን ይመጣል? «ያንተን በሬ ሌላው አብዝቶ ይጠምድብሃል፣ አክስቶ ይመልስልሃል» አለኝ። እኛ ጋ ተቃራኒው ሆነ። በሬያችንን የጠመደው ሰው ጠፋ። በዕረፍት ገደልናት።

እንዴት መሰላችሁ። ሞተሩ ውስጥ ካምሻፍት የሚባል፣ ቫልቮቹን የሚያስከፍት ዘንግ አለ። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው ከታች ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይት እየተረጨ ያረጥበዋል። ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ይንጠፈጠፍና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ቨርጂኒያ ደግሞ በበጋቸው ወበቅ ነው፤ የሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን ጋራዥ፣ ወረፋ አልደርስ ስላለን አውሮፕላኗ ሜዳ ላይ በገመድ ታስራ ነበር የምታድረው። ራቁት ብረት ወበቅ ሲያገኘው ይዝጋል። በሚቀጥለው በረራ ዝገቱ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው ዘይት ማጣሪያው ውስጥ ይገባል፣ ዘንጉ እየተበላ ይሄዳል። መድኃኒቱ መብረር ብቻ ነው። ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ዘይቱ በደንብ እስኪግል። መሬት ላይ አስነስቶ ማሞቅ አይቆጠርም። እንዲያውም ይጎዳል፤ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፣ ዘይቱ ካልጋለ ውሃው አይተንም፣ እዚያው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ከተጋሪዎቼ አንዱን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ፣ ደግ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። መብረር ትተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዱና ሞተሩን አስነስተው 10 ደቂቃ ያሞቁታል፣ መስታወቱን ይወለውላሉ፣ ፎቶ አንስተው «ውዲቱ ደህና ናት» ብለው ይልኩልናል። እኛም ልብ እየሰጠን እናመሰግናቸው ነበር! ደሴ ያደገ ሰው ይህን አይፈርድባቸውም። እኛም ሰፈር በዚያ በጠዋት ብርድ መኪና አስነስቶ ማሞቅ እንደ ጸሎት ነው፣ አባቴ ፊቱን ሳይታጠብ ነበር የሚያሞቀው። እኔም ራሴ ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። እናቴን ለመጦር ጠቅልዬ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት አራታችን ተደምረን የበረርነው 31 ሰዓት ነው። የኔ 9 ሰዓት ናት። ሁሉም «ሌላው ይበርባታል» ብሎ ተኝቷል።

የሸጠልኝ ሰውዬ አሁን ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ የምለው አለኝ። «ድርሻ እንደ ወርቅ ነው፣ በፈለግክ ቀን ትሸጠዋለህ» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ወርቅ ለመሸጥ የሦስት ሰው ፈቃድ አይጠይቅም! ወርቅ ሳታደርገው ብትቀር አይዝግም! ወርቅ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ በየወሩ 150 ዶላር አይበላም! «ወጪው ለአራት ይካፈላል» ያለኝስ? ይካፈላል፣ አልዋሸም። ኢንሹራንሱ፣ ማቆሚያው፣ በየ12 ወሩ የማይቀረው ምርመራ፣ ሁሉም ይካፈላል። ሥልጣኑም ለአራት እንደሚካፈል ግን አልነገረኝም። ውላችን አንድ ገጽ ነበር። «ማንኛውም ባለድርሻ ድርሻውን ለሦስተኛ ወገን መሸጥ ይችላል፣ ሌሎቹ ባለድርሻዎች ሲስማሙ።» ስፈርም ያነበብኩት እስከ «ይችላል» ድረስ ነው መሰለኝ።

የመጀመሪያው ገዢ ገና ተማሪ ነበር። ሙሉውን 14 ሺህ ሊከፍል ተስማማ። ኢንሹራንሱ ግን የሚበሩትን ሰዎች በስም መዝግቦ፣ የበረራ ሰዓታቸውን አይቶ ነው ዋጋ የሚያወጣው። የልጁ ሰዓት ትንሽ ስለነበረ መዋጮው ለሁሉም ከፍ ሊል ሆነ። ሁለቱ እምቢ አሉ። ሦስት ወር በዚህ አለፈ። እዚህ ሆኜ ዶላር መላክ ስለማልችል የወሩን መዋጮ እህቴ ነበረች የምትከፍልልኝ። በስልክ ድምጿ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ስለማላያት አውሮፕላን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ገዢ አዋቂ ነው። ስለ ቀለሟም ስለ ሬዲዮዋም አልጠየቀም። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ላለፉት 12 ወራት በየወሩ ስንት ሰዓት በረረች?» መዝገቡን ላክንለት። ሁለት ወር ሙሉ ዜሮ የሆነበት ቦታ አለ። ከዚያ መካኒክ ይዞ ሄደ፣ የዘይት ማጣሪያውን አስቆርጦ አየ፣ የብረት ብናኝ ተገኘ። በካምሻፍቱ ላይ የሚሄዱት ታፔቶች ሲወጡ ሁለቱ ፊታቸው ፈንጣጣ የወጣበት ሰው መስለዋል። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ሞተሩን ለማደስ የተነገረን ዋጋ 34 ሺህ ዶላር ነው። በበረርንበት ሰዓት ልክ እያዋጣን ለሞተር ማደሻ ያጠራቀምነው ሣጥን ውስጥ ያለው 6 ሺህ። አይገርምም? የማይበርር ሰው ለሞተሩ አያዋጣም፤ ሞተሩን የሚገድለው ደግሞ ያው አለመብረሩ ነው። ይህን ስሌት ስንስማማ አራታችንም የተማርን ሰዎች ነበርን።

በመጨረሻ የገዛኝ ራሱ መካኒክ ነው። ጉዳቱን አይቶ፣ ቆጥሮ፣ 8,500 አለ። አልተከራከርኩም። ያኔም ወረቀቱ ሁለት ወር ወሰደ። እዚያ አገር የአውሮፕላን ሁሉ መዝገብ ያለው ኦክላሆማ ሲቲ ነው። የሽያጭ ሰነዱን እኔ እፈርማለሁ፣ ለአዲሱ ምዝገባ ደግሞ ሁሉም ባለድርሻዎች ይፈርማሉ። የምዝገባ ክፍያው 5 ዶላር ናት! አምስት! ያቺን ሰነድ ግን በቀለም ፈርሜ በሚሄድ ሰው ላክኋት፤ መንገደኛው ሻንጣው ውስጥ ረስቷት ሦስት ሳምንት ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተኝታ ነበር። ኦክላሆማ ሲቲ ስትደርስ ሳትሸት አትቀርም። ከተጋሪዎቹ አንዱ ደግሞ ለዕረፍት ባሕር ላይ ነበረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው 11 ወር የሞላው።

ሰዎች «ለምን ወደዚህ አታመጣትም ነበር?» ይሉኛል። በምን አቅሟ? ሙሉ ነዳጅ ይዛ የምትሄደው 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ አትላንቲክን እንዲህ አይሻገሩትም። ቢሆንማ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። ኮምቦልቻ ማረፊያው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ ስለሚቀንስ 160ው ፈረስ ወደ 130 ይወርዳል። በሐረጎ ዳገት ጭነት ይዞ የሚያቃስት አይሱዙ ያየ ሰው ይገባዋል። ደሴ ላይ የባሰ ነው። የጦሳን ተራራ ለመሻገር ቀድሞ ሩቅ ሄዶ፣ ዞር ዞር ብሎ ከፍታ መሰብሰብ ይፈልጋል። ትችላለች ግን። ሌሊት ተኝቼ መንገዱን አስልቼዋለሁ፣ በቦርከና በኩል ተነስቼ፣ ጭጋጉ ከሐረጎ ሲነሳ ጠብቄ።

አንድ ጥቅምት ላይ ብሉ ሪጅ የሚባሉት ተራሮች ላይ ብቻዬን በርሬ ነበር። ዛፉ ሁሉ ቀልቷል፣ ሸለቆው ውስጥ ጉም ተኝቷል። ሬዲዮው ዝም ብሏል። ድንገት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ስንወርድ መስኮት ላይ ተለጥፌ የማየው ጉም መሰለኝና፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ለዚያች ሰዓት 5,500 ዶላር ከሰርኩ ብላችሁ አስሉልኝ። ዛሬ ጠዋት «ውድ ነው» እላለሁ፤ ትናንት ማታ «ርካሽ ነው» ብዬ ነበር።

ዳግመኛ እገዛለሁ? የወር የበረራ ሰዓቷን መዝገብ ሳላይ አንድ ዶላር አላወጣም። «ሲስማሙ» የሚል ቃል ያለበት ውል ላይም አልፈርምም፤ በስንት ቀን ካልገዙኝ ወይም ገዢዬን ካልተቀበሉ ምን እንደሚሆን ይጻፍልኝ። ይህን ያሟላ ሦስት ሰው ካለ፣ አዎ፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ እገዛለሁ።

ትናንት ከአጎቴ ጋር ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። አጎቴ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ እስኪሰወር ድረስ ተከተለው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ከዚህኛውስ ድርሻ አለህ?»

«የለኝም አጎቴ። እሱማ በቀን ስንቴ ይጠመዳል።»

«እንግዲያው ይኼኛው አይዝግም» አለና ቡናውን ጠየቀ።