አለርት አጠገብ ያለው የጥልፍ ቤት

የሥጋ ደዌ የጎዳቸው እናቶች የሚጠልፉበትን ይህን ቤት ያየሁት ባለፈው ወር፣ ለሥልጠና የመጡ የውጭ አገር ሐኪሞችን ላስተረጉም ሄጄ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ማሠልጠኛም ስለሆነ እንግዳ አዲስ አይደለም።

ሐኪሞቹ ስለ ገበያው ሲጠይቁ እኔ ዓይኔን ከአንዲት እናት እጅ መንቀል አቃተኝ። በሽታው ነርቭ ይገድላል፤ መርፌ ቢወጋቸውም ጣታቸው አይሰማም። ጥቂት ጠልፈው እጃቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ደም መኖር አለመኖሩን ያያሉ፣ ይቀጥላሉ። «እማማ፣ አይከብድዎትም?» ስላቸው፣ «ዓይኔ ለጣቴ ይሰማለታል፣ ልጄ» አሉኝ።

የትራስ ልብስ ገዛሁ። ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለውም። ከሌላ ሱቅ የገዛሁት በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ለቆ ነጩን አበላሽቶብኝ ነበር። ይህን ሁለቴ አጠብኩት፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፤ ግን ይገባዋል።

ከሠልጣኞቹ አንዱ ሳያስፈቅድ ፎቶ ሊያነሳ ሲል እናቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ በጣም አዘንኩ። የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ እጃቸውን ጨብጣችሁ ሰላም በሏቸው። መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም።