የአይአርኤስ ትራንስክሪፕት አገልግሎት፦ ታክስ ላላሠራ ስፖንሰር ምን ያህል ይጠቅማል?

የትዳር ጓደኛን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ሰነድ ሲሰበሰብ የሁሉም ትኩረት የሚያርፈው በጋብቻ የምስክር ወረቀቱ፣ በሠርጉ ፎቶግራፎችና በተላከው ገንዘብ ደረሰኝ ላይ ነው። የስፖንሰሩ ታክስ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የቪዛ ሰነዶችን የሚሰበስበው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ደርሶ አይ-864 የተባለው የድጋፍ ቃል መግቢያ ቅጽ ሲጠየቅ ነው። ስፖንሰሩ ታክስ ያላሠራበት ዓመት ካለ ጭንቀቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ሲሆን፣ ጭንቀት ባለበት ደግሞ ገንዘብ ተቀብሎ «እናስተካክልልሃለን» የሚል አይጠፋም። እኔ የምገመግመው ግን ምንም ክፍያ የማይጠየቅበትን፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ታክስ ሰብሳቢ የሆነው አይአርኤስ የሚሰጠውን የታክስ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም በእርሱ ዘንድ ያለው የታክስ መዝገብ ማጠቃለያ፣ አገልግሎት ነው። አንድ በሾፌርነት የሚተዳደር ዘመዴ ባለቤቱን ለማምጣት ሲዘጋጅ አብሬው ተቀምጬ ተጠቅሜበታለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ኮንሱሉ ወይም የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት መንግሥት ስለ ስፖንሰሩ ምን እንደሚያውቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ ነገር ግን የሚያወጣው ወረቀት ሳይገባን ከተላከ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

አገልግሎቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ቅጹ የሚጠይቀውን ማወቅ ግድ ነው። አይ-864 በስፖንሰሩና በአሜሪካ መንግሥት መካከል የሚደረግ፣ በፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ የሚችል ውል ሲሆን፣ ስፖንሰሩ ገቢው ከፌዴራል የድህነት መለኪያ 125 በመቶ እንደማያንስ እንዲያሳይ ያስገድደዋል፤ በውትድርና አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ባለቤቱን ወይም ልጁን ሲያመጣ ብቻ መለኪያው ወደ 100 በመቶ ዝቅ ይላል። ከቅጹ ጋር በትንሹ የመጨረሻው ዓመት የፌዴራል ታክስ ማስረጃ መቅረብ አለበት። ቅጹ ግን በዚያ አያበቃም። ስፖንሰሩ ስላለፉት 3 የታክስ ዓመታት በሐሰት ምስክርነት ሊያስቀጣው በሚችል ፊርማ ሥር መልስ ይሰጣል፤ መመሪያውም ከነዚህ ዓመታት በአንዱ ታክስ ማሳወቅ ሲገባው ያላሳወቀ ሰው፣ አይ-864ን ከማስገባቱ በፊት የዘገየውን ሁሉ ለአይአርኤስ አሳውቆ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ትራንስክሪፕት እንዲያያይዝ ያዝዛል። ስለዚህ ያልተሠራ ታክስ ጉዳዩን ለዘለዓለም የሚዘጋ በር አይደለም፤ ሳይስተካከል ከተላከ ግን ውጭ ላለች ሚስት ወይም ላለ ባል ቪዛው ተጨማሪ ሰነድ እስኪመጣ ድረስ እንዲታገድ፣ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ ለሚጠይቅ ደግሞ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ እንዲላክ ምክንያት ይሆናል።

በየቡናው ወሬ «ጆይንት ስፖንሰር ካገኘህ የአንተ ታክስ አይታይም» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም ከአመልካቹ ጎን ሆኖ የድጋፍ ቃል የሚገባ ሌላ ሰው፣ የሚሞላው የገቢ ጉድለትን ነው። አመልካቹ ባል ወይም ሚስት የራሱን አይ-864 ከራሱ የታክስ ማስረጃ ጋር ማቅረቡ አይቀርለትም፤ የራሱ ያልተሠራ ዓመትም በሌላ ሰው ደሞዝ አይሸፈንም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። በኢንተርኔት ለመግባት አይዲ ዶት ሚ በተባለው ድርጅት በኩል ማንነትን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ፎቶ ይነሣል፣ ፊትም በስልክ ካሜራ ይቀረጻል። ስልክና ኮምፒውተር ለማይቀናው ሰው ይህ ደረጃ ዋነኛው መሰናክል ነው። ያልቻለ ሰው በስልክ ወይም በፖስታ ማዘዝ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን የሚላከው አይአርኤስ ዘንድ ወደተመዘገበው አድራሻ ብቻ በመሆኑ ቤት ለቀየረና አድራሻውን ላላሳወቀ ሰው አይጠቅምም። ታክስ ያላሠራ ሰው ደግሞ አድራሻውም ያረጀ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በዚህ መንገድ የሚላኩትም የሪተርን (ሰውየው ያሳወቀውን ታክስ የሚያሳየው) እና የአካውንት (በኋላ የተደረገ ለውጥን ጭምር የሚያሳየው) ትራንስክሪፕቶች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹን በወረቀት ለማግኘት 4506-ቲ የተባለውን ቅጽ ሞልቶ መላክ ያስፈልጋል። የኢንተርኔቱን መንገድ ያለፈ ሰው ግን ሁሉንም ዓይነት ትራንስክሪፕት ወዲያውኑ ማውረድ ይችላል።

እንደ እኔ አስተያየት ታክስ ያላሠራ ስፖንሰር መጀመሪያ መክፈት ያለበት የደሞዝና የገቢ ትራንስክሪፕት የሚባለውን ነው። አሠሪዎችና ድርጅቶች በሰውየው ስም ለአይአርኤስ የላኩትን ደብሊው-2 (የደሞዝ) እና የልዩ ልዩ 1099 (የሌላ ገቢ) ቅጾች መረጃ በየዓመቱ ያሳያል፤ ወደ ኋላም እስከ 10 ዓመት ድረስ ይሄዳል። ዘመዴ ወረቀቶቹን ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ጥሏቸው ስለነበር ያለዚህ ሰነድ ታክሱን ከምን ተነሥቶ እንደሚያሠራ አላውቅም። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ማለት ያሻል። አንደኛው፣ ለሾፌሮች የሚላከው 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው የቆረጠው ኮሚሽን በውስጡ ስለሚገኝ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ሁሉ መቼ ሠራሁ?» ብሎ መደንገጥ የተለመደ ነው፤ ወጪው በዚህ ወረቀት ላይ አይታይም። ሁለተኛው፣ በእጅ የተከፈለ ገንዘብ እዚህ ላይ አይገኝም፤ አለመገኘቱ ግን ከማሳወቅ ግዴታ ነፃ አያወጣም። በግሉ ሠርቶ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ትርፍ ያገኘ ሰው ታክስ የማሳወቅ ግዴታ አለበትና «ገቢዬ ትንሽ ስለነበር አላስፈለገኝም» የሚለው ምክንያት ለብዙ ሾፌሮች አይሠራም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ታክስ አለማሳወቅን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ ነው። ስሙ ያማልላል፤ ብዙ ሰውም «አይአርኤስ ራሱ ነፃ ነህ ብሎ ጽፎልኛል» ብሎ ከማመልከቻው ጋር ያያይዘዋል። ደብዳቤው የሚለው ግን ለዚያ ዓመት የተመዘገበ የ1040 ቅጽ (ዋናው የዓመታዊ ታክስ ማሳወቂያ) አላገኘንም ብቻ ነው፤ ሰውየው የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ስለሚለው ምንም አይናገርም። ገቢው በእውነት ከግዴታው ወለል በታች የነበረ ሰው ይህን ደብዳቤ ከጽሑፍ ማብራሪያና ከገቢ ማስረጃ ጋር ቢያቀርብ ያግዘዋል። ሙሉ ዓመት ሠርቶ ዝም ላለ ሰው ግን ራሱን የሚያጋልጥበት ወረቀት ነው።

ታክሱ ከተሠራ በኋላ ለኢሚግሬሽን የሚቀርበው የሪተርን ትራንስክሪፕት ነው። ይህንን ከሙሉው የታክስ ቅጂ የምመርጥበት ምክንያት ተጨባጭ ነው፤ ቅጂውን የሚያቀርብ ሰው እያንዳንዱን ደብሊው-2 እና 1099 ማያያዝ ሲኖርበት፣ ትራንስክሪፕት የሚያቀርብ ሰው ግን ከትዳር ጓደኛው ጋር በጋራ አሳውቆ በራሱ ገቢ ብቻ ካልቀረበ በስተቀር ይህ አይጠየቅበትም። በሰነዱ ላይ ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በከፊል ተሸፍነው መታየታቸው ለግል መረጃ ጥበቃ ተብሎ የተደረገ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። የገንዘብ መጠኖቹ በሙሉ ይነበባሉ።

ለባልና ሚስት ጉዳይ በጣም የሚያሳስበኝ መስመር ግን ከገንዘቡ ይልቅ የጋብቻ ሁኔታ የሚጻፍበት ነው። አዲስ አበባ አግብቶ የተመለሰ ሰው ሚስቱ አብራው ስላልኖረች «ሲንግል» ተብሎ ታክስ ሲሠራለት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በታክስ ሕጉ የሚታየው ሰውየው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ያገባ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ጋብቻው የትም ይፈጸም የት ጋብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ እጁ «ይህች ሚስቴ ናት» የሚል ማመልከቻ፣ በሌላ እጁ «ያላገባሁ ነኝ» የሚል የታክስ ማስረጃ ይዞ መቅረቡ ጋብቻውን ራሱን ለጥያቄ ያጋልጠዋል። የዘገየውን ዓመት አሁን የሚያሠራ ሰው ይህን ከመነሻው ማስተካከል ይችላል፤ ያገባ ተብሎ ለብቻው ያሳውቃል፣ ወይም ሚስቱ እንደ አሜሪካ ነዋሪ እንድትቆጠር መርጦና የታክስ መለያ ቁጥር አስወጥቶላት በጋራ ያሳውቃል፤ ሁለተኛውን ከመረጠ ግን የእርሷም ገቢ ከየትም ይምጣ አብሮ መታወቅ አለበት። አስቀድሞ በስህተት የተላከ ካለ 1040-ኤክስ በተባለው የማረሚያ ቅጽ ይታረማል። እዚህ ላይ አገልግሎቱ አንድ ወጥመድ አለው፦ የሪተርን ትራንስክሪፕት የሚያሳየው መጀመሪያ የተላከውን ብቻ ነው። እርማቱን ለማየት የአካውንት ትራንስክሪፕት መክፈት ያስፈልጋል። ድረ ገጹ ይህን ጉልህ አድርጎ ቢናገር ኖሮ ብዙ ሰው ያረመውን ሰነድ ልኬያለሁ እያለ ያልታረመውን ባልላከ ነበር።

ሌላው ትራንስክሪፕቱ ያለ ርኅራኄ የሚያሳየው የተጣራ ገቢን ነው። አይ-864 ላይ የሚጻፈው በ1040 ላይ ያለው ጠቅላላ ገቢ ሲሆን፣ በግሉ ለሚሠራ ሰው ወደዚያ መስመር የሚገባው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። ለምሳሌ ከኮሚሽን በኋላ 52,000 ዶላር ያገኘና በ2024 ለሥራ 40,000 ማይል የነዳ ሾፌር፣ በዚያ ዓመት ተመን በማይል 67 ሳንቲም ሲቀነስለት 26,800 ዶላር ወጪ ይያዝለታል፤ የሚቀረው 25,200 ዶላር ነው። በ2025 ሠንጠረዥ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው 125 በመቶ ወደ 26,437 ዶላር ነበር። ለታክስ ያስደሰተው ቅናሽ ለስፖንሰርነት ጎደለ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ጆይንት ስፖንሰር በትክክል የሚያስፈልገው። ለአንዱ መሥሪያ ቤት ትንሽ፣ ለሌላው ብዙ አድርጎ መናገርን ግን ይህ ሰነድ አይፈቅድም፤ መፍቀድም አልነበረበትም።

ዕዳውን ፈርተው ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች ስላሉ ስለ ቅጣቱም ጥቂት ልበል። ሳያሳውቁ መቆየት ካልተከፈለው ታክስ ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ያስቀጣል፤ አሳውቆ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው፣ ወለዱ ለየብቻው ሆኖ። አሳውቆ ባለዕዳ መሆን ሳያሳውቁ ከመቆየት እጅግ ይቀልላል። የታክስ ዕዳ መኖሩ በራሱ ስፖንሰር ከመሆን አያግድም፤ በየወሩ ለመክፈል ከአይአርኤስ ጋር መዋዋልም ይቻላል። በሌላ በኩል ተመላሽ የሚገባው ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ገንዘቡ ይቀርበታል።

ክፍያ ከሚያስከፍሉ ቢሮዎች ጋር ሳነጻጽረው አገልግሎቱ የማይተካው ታክስ ሠሪውን ነው፤ ትራንስክሪፕት መረጃ ይሰጣል እንጂ ታክስ አይሠራም። ዘመዴ መጀመሪያ የሄደበት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ቢሮ ግን ይህንኑ ነፃ ወረቀት ለማውረድ ለብቻው ክፍያ ጠየቀው፤ ታክሱንም ሠርቶ «አንተ ራስህ እንደሠራኸው ይላክ» አለው። በገንዘብ ታክስ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ከአይአርኤስ የተሰጠ የሠሪነት መለያ ቁጥር ሊኖረውና በሠራው ላይ ሊፈርም ይገባል፤ አልፈርምም ያለ ሰው ዘንድ ሰነድ ትቶ መሄድ አይገባም። ቪታ የተባለው የነፃ አገልግሎት ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች ታክስ የሚሠራ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ያለፉ ዓመታትንም ይቀበላሉ። የኢሚግሬሽን ምክር ደግሞ ከጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ካለው ወኪል ውጪ ከማንም መወሰድ የለበትም፤ ታክስ ሠሪው የቱንም ያህል ጨዋ ሰው ቢሆን።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላከው የያዝነው የታክስ ዓመትና ከእርሱ በፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ የቆየው በወረቀት ይላካል። በኤሌክትሮኒክ የተላከው ትራንስክሪፕት ሆኖ ለመውጣት ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ በወረቀት የተላከው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እንደሚፈጅ አይአርኤስ ይገልጻል፤ ስለዚህ የቃለ መጠይቅ ቀን ከተያዘ በኋላ ሥራውን መጀመር በጣም የዘገየ ነው። ጉዳዩ በመጠባበቅ ላይ እያለ አዲስ የታክስ ዓመት ከገባም መኮንኑ የአዲሱን ዓመት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በሚያዝያ ወር ያሠሩትን ታክስ ትራንስክሪፕቱ እንደወጣ አውርዶ ወደ ቃለ መጠይቁ ለምትሄደው ሚስት ወይም ለሚሄደው ባል መላክ ያስፈልጋል።